የሃያ ሦስት ቤት

አባቴን ያሳጣኋቸው በሂሳብ ነው። ሌላው ሰው አባቱን በመሬት ይከሳል፣ በውርስ ይካሰሳል። እኔ ግን በተማሪ ደብተር ላይ በተጻፈች አንዲት ቃል ተነስቼ አሳጣኋቸው። ቃሏ «አልቦ» ነች፤ የለም ማለት ነው። ዛሬም ያቺን ቃል በሰው አፍ ስሰማ ጆሮዬ ይግላል።

የማስተምረው ላሊበላ ነው፤ ሂሳብ፣ ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል። አባቴ ከከተማው ወጣ ብላ፣ በገነተ ማርያም በኩል በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ያለች የገጠር ደብር መሪጌታ ናቸው። ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል በቁጥር የሚወጣበት ትምህርት ነው። በየዓመቱ መስከረም አንድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዐውደ ምሕረቱ ቆመው የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት የሚያውጁት እሳቸው ናቸው። እኔ ስወለድም ያውጁ ነበር ይላሉ።

ድሮ ቢሆን ግድ የለም። አዋጁ ላይ አንድ ቀን ቢስቱ ስህተቱን የሚያውቅ በደብሩ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው፤ እነሱም በኋላ ቀስ ብለው ያርሟቸዋል። አሁን ግን ስልክ አለ። መሪጌታው ገና «ጾመ ነነዌ» ሲሉ ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ያመሳክራል። ሌላው ደግሞ ይቀርጻል። አንዲት ቀን ብታልፋቸው ወሬው ሳይመሽ ላሊበላ ገበያ ይደርሳል። አርባ ዓመት ያወጁ ሰው በአንዲት ቀን መሳቂያ ሊሆኑ ነው ማለት ነው። ያን ክረምት እንቅልፍ የነሳኝ ይሄው ነበር።

ምክንያትም ነበረኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወላጆቼ ጋ ሄጄ ከረምኩ። አንድ ቅዳሜ አባቴ ገበያ ወጡና በመመለሻቸው ባጃጅ መቆሚያው ጋ ቆመው ቀሩ። ስንት ዘመን የተመላለሱበት መንገድ ጠፋባቸው። ጎረቤታችን አግኝቶ ባያመጣቸው ኖሮ ዝናብ እየመታቸው ያመሹ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔን በእህታቸው ስም መጥራት ጀመሩ። ታላቅ እህታቸው ነበረች፤ ከሞተች ቆይታለች። አንድ ጊዜ ቢሆን ባልከፋኝ፤ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጠሩኝ።

እናቴ ነገሩን ልታከብደው አልፈለገችም። «ሽማግሌ ናቸው፤ ስም ይምታታባቸዋል» አለችኝ። «አንቺስ የተማሪዎችሽን ስም ሁሉ ትይዣለሽ?»

«የኔ ተማሪዎች ስድሳ ናቸው፣ እማ።»

«የሳቸውም ዕድሜ ሰባ ነው። ይልቅ አብሽሪ።»

በነሐሴ መጨረሻ የደብሩ አለቃ አስጠሩኝ። ቅጥሩ ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ብቻቸውን ቆመው ጠበቁኝ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ነገር አያከሩም። ያን ቀን ግን መቋሚያቸውን ከእጅ እጅ ያቀያይሩ ነበር።

«ልጄ፣ አንቺ የቁጥር ሰው ነሽ። የአባትሽ ነገር እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ምናቸው?»

«በፍልሰታ አንዱን ቃል ደግመው ደጋግመው አሉት። ሰው ሳያስተውል አልቀረም። ዘንድሮ ደግሞ ለአዋጁ ከወረዳም ከከተማም እንግዳ ይመጣል። እኔ ብጠይቃቸው ይቀየሙኛል። አንቺ እይልኝና ቁርጡን ንገሪኝ። ይችላሉ ካልሽ ይቆማሉ። አይችሉም ካልሽ ‹ዘንድሮ ይረፉ› ብዬ፣ በክብር፣ ተማሪያቸው የነበረውን ቄስ አቆማለሁ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ራስዎ ይጠይቋቸው፣ አባቴን የምመዝን እኔ ማን ነኝ ማለት ነበረብኝ። ግን ፈርቼ ነበር። ደግሞም፣ አልዋሽም፣ «የቁጥር ሰው ነሽ» መባሉ ልቤን ነፋው። «እሺ» አልኩ።

እንዴት ልመርምራቸው? ባሕረ ሐሳቡን ባስወጣቸው ፋይዳ የለውም፤ ተኝተውም ያወጡታል። ልጅ ሳለሁ ከባቄላ ጋር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዘመኑን ለዐሥራ ዘጠኝ ከፍይ፣ የተረፈውን ያዢ፣ ከተረፈው ላይ አንድ አንሺ። አንዷን ባቄላ ማንሳት ስረሳ ጣቴን መታ አድርገው «አሐዱ አእትት ለዘመን» ይሉኝ ነበር። ለዘመኑ አንድ ቀንስ ማለት ነው፤ የያዝነው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ አይቆጠርም። ይህ በአጥንታቸው የገባ ነገር ነው። እኔ የምፈልገው በቃላቸው የማያውቁትን፣ በትዕግሥትና በንቁ አእምሮ ብቻ የሚወጣ ሥራ ነበር።

ጳጉሜ አንድ ቀን ጠዋት ደብተርና ስክሪብቶ ይዤ ደጃፉ ላይ፣ ብርሃን በሚገባበት፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ለተማሪዎቼ የሚሆን ሥራ ያግዙኛል?» ብዬ ዋሸሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። አንዳንድ ቁጥር ከራሱና ከአንድ በቀር የሚያካፍለው የለም። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ አንድ እንዲህ ናቸው፤ እኛ በክፍል ብቸኛ ቁጥር እንላቸዋለን። የቀሩት ሁሉ ከነዚህ ተባዝተው የተገኙ ናቸው። የተባዛው ሁሉ ቤት ይግባ፤ ከሚያካፍሉት ብቸኞች የትንሹ ቤት ይግባ። ዐሥራ አምስትን ሦስትም አምስትም ያካፍሉታል፤ ትንሹ ሦስት ነውና የሦስት ቤት ሰው ነው። ሠላሳ አምስት የአምስት ቤት ነው። በመጨረሻ እያንዳንዱ ቤት ስንት ሰው እንዳለው ይቆጠራል።

«ታናሹ ይውሰድ ነው የምትይው» አሉ አባቴ። «ታላቁ ቅር አይለውም?»

«ቅር ቢለው ምን ያመጣል፤ ቁጥር አይናገር።»

«ቁጥርማ ይናገራል» አሉና መነጽራቸውን አደረጉ። «እስከ ስንት ነው?»

«እስከ አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት።»

ቀና ብለው አዩኝ። አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት የዐቢይ ቀመር ቁጥር ነው፤ በዓላቱም ዕለታቱም ጨረቃዋም ዞረው ዞረው መነሻቸው ላይ የሚገናኙበት የዓመት ብዛት። አራት ጊዜ ሰባት፣ እሱን ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ። የሳቸውን ቁጥር የመረጥኩት ደስ እንዲላቸው ነው። ደስም አላቸው። እኔን ግን ደስታቸው አሳፈረኝ።

ከየት እንደሚጀምሩ አሳየኋቸው። የሁለት ቤት ከአራት ይጀምራል። የሦስት ቤት ከዘጠኝ ይጀምራል፤ ስድስትን ሁለት ወስዶታልና። የአምስት ቤት ከሃያ አምስት፣ የሰባት ከአርባ ዘጠኝ። እንዲህ እያለ ይሄዳል። መሀል ላይ እናቴ ከጓሮ ጠራችኝ፤ ብድግ እያልኩ፣ በጥድፊያ፣ «የቤቱ ባለቤት ራሱ አይቆጠርም፣ አንድ ይቀንሱ» አልኳቸው። አባቴ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ሁለት ቀን ሠሩ። እኔ ሽንኩርት የምልጥ፣ ምስር የምለቅም መስዬ በዓይኔ አልለቀቅኳቸውም። ስክሪብቶው ቆም ባለ ቁጥር የኔም እጅ ይቆማል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ አሸለቡ። ሲነቁ ወደ እኔ ዞረው «ዛሬ ጳጉሜ ስንት ነው?» አሉኝ። የዘመን ቆጣሪው ሰው ቀኑን እኔን ጠየቁኝ። ሁለት ነው አልኳቸው።

ጳጉሜ ሦስት የሩፋኤል ዝናብ ወረደ። እናቴ ሳፋ ደጅ አውጥታ ውሃውን ታጠራቅማለች፤ የጎረቤት ልጆች ዝናቡ ሥር ይጮሃሉ። አባቴ ደብተሩን አቀበሉኝ። «ጨርሻለሁ። እርሚው» አሉና ጠበሉ እንዲደርሳቸው እየሳቁ ወጡ።

እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ። ከመጀመሪያው መጀመር ሲገባኝ ከመጨረሻው ገጽ ከፈትኩ፤ የኋላዎቹ ቤቶች ትንንሽ ስለሆኑ ለማረም ይቀላሉ። የመጨረሻው ቤት የሃያ ሦስት ነው። በውስጡ አንድ ቁጥር ብቻ አለ፤ ሃያ ሦስት በሃያ ሦስት ሲባዛ አምስት መቶ ሃያ ዘጠኝ። አባቴ አምስት መቶ ሃያ ዘጠኝን በዚያ በሚያምር እጃቸው አስፍረዋል። ከሥሩ፣ ብዛቱ በሚጻፍበት ቦታ፣ «አልቦ» ብለዋል።

አንዱን ጽፈው፣ አንዱን እያዩ፣ የለም አሉ።

ወደ ዐሥራ ዘጠኝ ቤት ዞርኩ። ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ሦስት መቶ ስልሳ አንድና አራት መቶ ሠላሳ ሰባት። ብዛት፦ አንድ። ዐሥራ ሰባት ቤት አምስት ቁጥሮች ተደርድረዋል። ብዛት፦ አራት። ከዚያ በላይ አላየሁም። ደብተሩን ዘጋሁት። አለቀ አልኩ፤ አባቴ እጃቸው ላይ ያለውን አምስት ነገር መቁጠር አይችሉም።

አለቀስኩ። ዝናቡ ሲያባራ ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ደብሩ ወጣሁ። አለቃው ከደጀ ሰላሙ ብቅ ሲሉ፣ ሳላለሳልስ፣ ሳላስተባብል፣ «አይችሉም» አልኩ። አንድ ቃል። አለቃውም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ፣ ሰው እንደሞተብኝ።

በማግስቱ አባቴን አስጠሯቸው። ሲመለሱ መደቡ ላይ ተቀመጡና ጥምጥማቸውን ፈቱ። በቀን ሲፈቱት አይቻቸው አላውቅም። እናቴ ምሳ አቀረበች፤ አልቀመሱም።

«ደክመዋል፣ ዘንድሮ ይረፉ አሉኝ» አሉ።

«እሰይ፣ ይረፉ እንግዲህ» አለች እናቴ። ድምጿ ግን አልተባበራትም።

«መድከሜን ማን ነገራቸው?»

እናቴ አየችኝ። እሷ ምንም አታውቅም ነበር፤ ግን እናት ነች፣ ፊቴን አነበበችው። እኔ እንጀራዬን እየቆራረስኩ ዝም አልኩ። ከፍርሃቴ ይልቅ የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው። አባቴ መልስ ጠበቁ፤ ሲያጡ ወደ ግድግዳው ዞረው ጋደም አሉ።

ጳጉሜ አምስት ሰው ሁሉ ለበዓል ሽር ጉድ ይላል። እኔ እጄ ሥራ እምቢ አለኝ። ጥፋቴን የሚያቀልልኝ መስሎኝ ደብተሩን አወጣሁ። እስቲ ልቁጠረው፣ ምን ያህል እንደተሳሳቱ ልወቅ፣ ልክ እንደነበርኩ ልወቅ አልኩ። ልክ መሆኔን ካየሁ እተኛለሁ ብዬ ነው።

ከሰባት ቤት ጀመርኩ። አርባ ዘጠኝ፣ ሰባ ሰባት፣ ዘጠና አንድ እያለ ይወርዳል። እያንዳንዱን አካፍዬ አየሁ። ሁሉም የሰባት ናቸው፤ ከሰባት በታች የሚካፈል አንድም ሾልኮ አልገባም። የጎደለም የለም። ስቆጥራቸው ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው። አባቴ ከሥር «ዐሥራ ስምንት» ብለዋል።

አምስት ቤት ሄድኩ፤ ሠላሳ አራት ተጽፏል፣ «ሠላሳ ሦስት» ተብሏል። ሦስት ቤት ሰማንያ ስምንት ተጽፏል፣ «ሰማንያ ሰባት» ተብሏል። ሁለት ቤት ሦስት ገጽ ነው፤ ሁለት መቶ ስልሳ አምስት ቁጥር። ጣቴን እያስሄድኩ ቆጠርኩና ከሥሩ ያለውን አነበብኩ፤ «ሁለት መቶ ስልሳ አራት»።

የቀሩትንም ቆጠርኩ፤ ዘጠኙም ቤት በአንድ ጎድሏል። አንዱም በሁለት አልጎደለም፣ አንዱም አልበዛም። የደከመ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። የደከመ ሰው አንዱን ይዘላል፣ ሌላውን ይደግማል። ትምህርት ቤት ለጀማሪ መምህራን የምመክረው ራሴ ነኝ፤ ተማሪ ሁሌ በአንድ መንገድ ከተሳሳተ ጥፋቱን ከአስተማሪው ፈልጉ እላለሁ። የራሴን ምክር ሦስት ቀን ሙሉ ዘንግቼው ነበር።

በጥድፊያ ብድግ እያልኩ ያልኩት ትዝ አለኝ። ባለቤቱ አይቆጠርም፣ አንድ ይቀንሱ። ባለቤቱ እኮ መጀመሪያውኑ ዝርዝሩ ውስጥ የለም! ከአራት ይጀምሩ፣ ከዘጠኝ ይጀምሩ ብዬ አስወጥቼዋለሁ። እሳቸው ግን አንድ ይቀንሱ ሲባሉ ቀነሱ። በባቄላ እንዳስተማሩኝ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከዘመን ላይ እንደሚያነሱት፣ ቆጥረው ቆጥረው አንድ አነሱ። በባሕረ ሐሳብ የተረፈው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ያ አንድ ሲነሳ የሚባለውም «አልቦ» ነው። ልጅ ሆኜ ስንቴ ጽፌዋለሁ።

የጻፏቸውን ሁሉ ደመርኩ፤ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት። አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ቁጥር በየቤቱ ገብቷል፣ አንድም ቤቱን አልሳተም። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ይህን ያህል አልጠነቀቅም።

ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላጠልቅ ወጣሁ። ጭቃው ይይዛል፤ ሁለቴ ወደቅኩ። አለቃው ቤታቸው ደጅ ላይ ከእንግዶች ጋር ነበሩ፤ አስነሳኋቸው። ደብተሩን ዘርግቼ እየተንተባተብኩ አስረዳሁ።

አለቃው እስክጨርስ ሰሙኝ። «ልጄ፣ ከትናንት ወዲያ አይችሉም አልሽ። ዛሬ ይችላሉ ትያለሽ። ነገ ምን ትያለሽ?»

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«መንገድስ? ገበያ ላይ ጠፍተው አልነበረም?»

«ጠፍተው ነበር» አልኩ። ያንን መካድ አልቻልኩም። «መንገድ ይጠፋቸዋል። ስም ይጠፋቸዋል። ቁጥር ግን አልጠፋቸውም።»

መቋሚያቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «ሕዝብ ፊት ቢስቱስ? ያኔ እኔ ምን እላለሁ?»

«ልጃቸው ናት ይችላሉ ያለችኝ ይበሉ። በሰው ፊት ይበሉት። እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ።»

«እሺ። እንዲያ ከሆነ ለሳቸውም አንቺው ንገሪያቸው» አሉ። «ሁሉንም። ያን ከነገርሽ ይቆማሉ፤ ቄሱን እኔ አናግረዋለሁ።»

ከደብሩ እስከ ቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። አባቴ ደጃፉ ላይ፣ ያው ቦታቸው፣ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ተንበረከክሁና ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩ።

«ያሳጣሁዎት እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ በኋላ የቀረውም ወጣ፤ የአለቃው ጥያቄ፣ የተማሪዎች ሥራ ነው ብዬ መዋሸቴ፣ የሃያ ሦስት ቤት፣ ለነገው አንገቴን ሰጥቼ መምጣቴ።

አባቴ ደብተሩን ገለጡ። የሰባት ቤት ላይ ቆሙ። «ሰባት ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ሲገኝ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር» አሉ። «ሁለቱም የቀመሩ ቁጥሮች ናቸው። ስቀንሰው ቅር አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ቀነሱት?»

«ይቀንሱ አላልሽኝም? ባለቤቱ ቤቱ የለም፤ ከየት ላይ ነው የምቀንሰው ብዬ ገርሞኝ ነበር።»

«ለምን አልጠየቁኝም?»

«መምህሯ አንቺ ነበርሽ» አሉ። «እኔ መምህሬን ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።» ደብተሩን ዘጉና ጨመሩ። «አንቺ ግን ለምን ቀነሱ ብለሽ ልትጠይቂኝ ትችይ ነበር። ተማሪ ይጠየቃል።»

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ከመደቡ ላይ ጥምጥማቸውን አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «አጣጥፊልኝ። ለነገ ነው» አሉ።

መስከረም አንድ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ዐውደ ምሕረቱን ሞላው። እንግዶቹ ከፊት ተቀመጡ። እኔ በሴቶች በኩል ከእናቴ ጋር ቆሜያለሁ፤ ስልኬ ላይ የዓመቱን በዓላት ከፍቼ ነጠላዬ ውስጥ ይዣለሁ። አለቃው ከማዶ ያዩኛል። ተማሪያቸው የነበረው ቄስ ከአባቴ ኋላ፣ ምናልባት ብሎ፣ ወረቀት ይዞ ቆሟል። ፊት ለፊቴ ሦስት ወጣቶች ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይቀርጻሉ።

አባቴ ጀመሩ። ዓመተ ዓለሙን አሉ፣ ወንጌላዊውን አሉ። ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ የሚባሉትን የስሌቱን ቁጥሮች አሉ። እያንዳንዱን ስልኬ ላይ በአውራ ጣቴ እከተላለሁ። ነነዌ ልክ። ዐቢይ ጾም ልክ። ደብረ ዘይት ልክ።

ከደብረ ዘይት በኋላ ቆሙ።

አፋቸው ተከፍቷል፣ ቃል የለም። ከፊቴ ያሉት ወጣቶች ተያዩ። ቄሱ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ከፍ አደረገ። አለቃው እኔን አዩኝ፤ ዓይኔን አላሸሸሁም፣ ግን እናቴ ላይ ተደገፍኩ። እናቴ በሹክሹክታ ሩፋኤልን ትለምናለች። አባቴ ቀኝ እጃቸውን አነሱና አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው አንጓ ላይ አስኬዱ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ። ጨረሱና አንዷን አንጓ መልሰው ለቀቁ።

«ሆሳዕና» አሉ፤ ቀኑን ጠሩ። ልክ ነው። ስቅለት ልክ። ትንሣኤ ልክ። እስከ ጾመ ድኅነት ድረስ አንድም አልሳቱም። እልልታው ተነሳ።

ሕዝቡ እንኳን አደረሰዎ እያለ እጃቸውን እየሳመ ቆየባቸው። በመጨረሻ በመቋሚያቸው መንገድ እየከፈቱ ወደ እኛ መጡ። ፊታቸው በርቷል። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና በዚያች በሞተችው በታላቅ እህታቸው ስም ጠሩኝ። እናቴ ልታርማቸው ስትል ክንዷን ያዝኳት።

«ሳትኩ እንዴ?» አሉኝ።

«አንድም።»

«ተመስገን። ያቺ ልጄ ስለኔ አንገቷን ሰጥታ ነበር። እሷን እንዳላሳፍራት ነበር የፈራሁት።»

«አላሳፈርካትም» አልኳቸው።